የሞጣዋ ተማሪ የትኛው ሰርቨር ይድረሳት?

እንዴት ሰነበታችሁ? በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ሩቅ ነው፣ ተጠቃሚው ጎጃም ነው፤ ምን ይሻላል? የፕሪንተርና የስልክ ባትሪ ጥያቄዎችን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ዛሬ እሱን እናንሳ።

ከደብረ ማርቆስ

*ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመለማመጃ ጥያቄ የሚያቀርብ ድረ ገጽ ሠርተናል። ሰርቨራችን ፍራንክፈርት ነው። አሁን አዲስ አበባ ሁለተኛ ሰርቨር ልንከራይ ነው። ተማሪዎቹ ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከደምበጫ ናቸው። ዋሽንግተንና ለንደን ያሉ ያገራችን ልጆች ደግሞ በበጎ ፈቃድ ጥያቄ እያዘጋጁ ይጭኑልናል። አንዱ ጓደኛዬ «ዲኤንኤሱ ራሱ እያንዳንዱን ሰው ወደሚቀርበው ሰርቨር ይልከዋል» ይላል። ማን የት እንዳለ በምን ያውቃል? እንመነው?*

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ያለው ይሠራል። ትልልቆቹ የኢንተርኔት ድርጅቶች ለዓመታት ተጠቅመውበታል። ግን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፤ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ሰርቨሩ ቁጥር የሚቀይረው ሥርዓት፣ ተማሪያችሁን አያያትም።

ሞጣ ያለች ተማሪ የድረ ገጻችሁን ስም ስልኳ ላይ ትጽፋለች እንበል። ስልኳ የሰርቨሩን አይፒ ቁጥር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለውን አድራሻ፣ አያውቅም፤ ስለዚህ ይጠይቃል። የሚጠይቀው እናንተን አይደለም። የሲም ካርዷ ኩባንያ ያዘጋጀውን፣ ሪዞልቨር የሚባለውን ሰርቨር ነው። ሪዞልቨሩ መልሱን ቀድሞ ይዞት ከሆነ ወዲያው ይሰጣታል። ካልያዘው የስሞች ሁሉ መነሻ ከሆኑት ሩት ሰርቨሮች ይጀምራል፣ ወደ ነጥብ ኮም ሰርቨሮች ይሄዳል፣ በመጨረሻ የእናንተን ስም ወደሚያስተዳድረው የዲኤንኤስ ሰርቨር ይደርሳል። እሱም «ቁጥሩ ይኸው» ይለዋል።

ብልሃቱ ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። የእናንተ ዲኤንኤስ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ለአንዱ የአዲስ አበባውን ቁጥር፣ ለሌላው የፍራንክፈርቱን መስጠት ይችላል። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስን ሲነድፍ ዋናው ሥራ ስምን ወደ ቁጥር መቀየር ነበር። ሰውን እየለዩ መምራት የመጣው ኋላ ላይ፣ ድረ ገጾች በሰው ብዛት መጨናነቅ ሲጀምሩ ነው። አካማይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቋቋም የተነሳው ይህን ጭንቅ ለማቃለል ነበር። አማዞን ደግሞ ራውት 53 በሚለው አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ችሎታ ለማንኛውም ደንበኛ ከፈተው። ዛሬ እንደናንተ ያለ ትንሽ ቡድንም ይከራየዋል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በምን ያውቃል? እኛ አገር ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ የልጅቱ ቤተሰብ የሚያየው ሽማግሌውን ነው። ላኪው ልጅ እቤቱ ቀርቷል። የእናንተ ዲኤንኤስም እንደዚያው ነው። ፊቱ የሚቆመው ሪዞልቨሩ ነው፤ የሚያየውም የሪዞልቨሩን አይፒ ነው። ያንን አይፒ ቁጥሮች በአገር በአገር ከተመዘገቡበት ሰንጠረዥ ጋር ያስተያይና «ይሄ ኢትዮጵያ ነው» ወይም «ይሄ ጀርመን ነው» ይላል። ሪዞልቨሩ አዲስ አበባ ከሆነ የሞጣዋ ልጅ አዲስ አበባ እንዳለች ትቆጠራለች። እናንተን አይጎዳችሁም፤ ትክክለኛው ሰርቨር ይደርሳታል። ሪዞልቨሩ ውጭ አገር ከሆነ ግን ልጅቱ ሞጣ ተቀምጣ መልሷን ከፍራንክፈርት ትጠብቃለች።

ለዚህም መላ ተፈጥሮለታል። ሽማግሌው የላኪውን ሰፈር እንዲናገር ተደረገ። ኢዲኤንኤስ ክላየንት ሰብኔት ይባላል፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በይፋ ሰነድ ወጥቷል። ሪዞልቨሩ ጥያቄውን ሲያስተላልፍ የተማሪዋን አይፒ ከአራቱ ክፍል ሦስቱን አብሮ ይልካል። የመጨረሻውን ያስቀራል፤ ይህም ማንነቷ እንዳይታወቅ ነው። ሰፈሩ ይታወቃል፣ ቤቱ አይታወቅም። ሁሉም ሪዞልቨር ግን ይህን አያደርግም። ለባሕር ዳሯ አንባቢ ስመልስ እመለስበታለሁ።

«ወደሚቀርበው» የምትለዋን ቃል ግን በጥንቃቄ ያዟት። ካርታ ላይ የሚቀርብ ሁሉ በመስመር አይቀርብም። ብዙ ሰው ሰርቨር ሲከራይ «አፍሪካ ውስጥ ይሁን» ብሎ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2020 የከፈተውን የኬፕታውን ዳታ ሴንተር (የሰርቨሮች ማዕከል) ይመርጣል። ከአዲስ አበባ ኬፕታውን በቀጥታ 5,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍራንክፈርትም 5,300 ገደማ ነው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። አገራችን ግን ወደብ የላትም። መስመራችን በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ ባሕር ውስጥ ካለው ኬብል ጋር ነው የሚገናኘው። በጅቡቲ በኩል የወጣ መስመር ደግሞ በቀይ ባሕር ሽቅብ ወደ አውሮፓ የሚወስዱ ብዙ ኬብሎች ያገኛል። ስለዚህ ፍራንክፈርት ወይም ማርሴይ ያለ ሰርቨር ኬፕታውን ካለው ቀድሞ ቢመልስ አይድነቅህ።

ደግሞ መንገዱ ይለዋወጣል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ተቆርጠው የብዙ አገር ትራፊክ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ነበር። በዚያ ቀን በአገር ስም ብቻ የሚመራ ዲኤንኤስ ምንም አላወቀም። ሰውን ወደለመደው ቦታ መላኩን ቀጠለ። በልኬት፣ ማለትም የየመስመሩን ፍጥነት እየለካ፣ የሚመራው ግን መዘግየቱን አይቶ ሊያስተካክል ይችላል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ በአገር ሳይሆን በልኬት የሚመራውን ያዙ።

አንተ የፊዚክስ መምህር ነህና ስሌቱን ከኔ ይልቅ አንተ ታስረዳኛለህ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፍራንክፈርት ደርሶ መመለስ ከ10,600 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ 53 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በእውነቱ ግን ይጠማዘዛል፣ በብዙ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ከዚህ ይበልጣል። 150 ሚሊ ሰከንድ ነው እንበል። አንድ ገጽ ሲከፈት ምልልሱ አንድ ጊዜ አይደለም። ዲኤንኤሱ አለ፣ ግንኙነት መክፈቱ አለ፣ ምስጠራውን መስማማቱ አለ፣ ከዚያ በኋላ ነው ገጹ የሚጠየቀው። አራት ምልልስ ብትቆጥር የመጀመሪያው ፊደል ሳይታይ 600 ሚሊ ሰከንድ አለፈ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልሱ ለብርሃን 3 ሚሊ ሰከንድ ነው። የኔትወርኩን መጨናነቅ ብትጨምርበትም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደካማ ስልክ ይዛ ማታ በሻማ ለምታጠና ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ለዚህ ነው አዲስ አበባ መከራየታችሁን የምደግፈው።

አዲስ አበባ ውስጥ አማራጭ አለ። አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል ዳታ ሴንተሮች ገብተዋል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ይህን ጠይቁ፦ ሰርቨሩ የሚቀመጥበት ኔትወርክ ከሁለቱም የሞባይል ኩባንያዎች ጋር አገር ውስጥ ይገናኛል ወይ? ካልተገናኘ የአንዱ ሲም ካርድ ተጠቃሚ ጥያቄ ውጭ አገር ድረስ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ሆኖ መንገዱ በአውሮፓ ሆነ ማለት ነው። ይህ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የታየ ችግር ነው። ሻጩ በቃል ቢነግራችሁም በቃሉ አትመኑ። የሙከራ ሰርቨር ለጥቂት ቀን ስጡን በሉ፣ ከዚያ በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም ሲም ትሬስራውት አድርጉ። መንገዱ የሚያልፍባቸው ጣቢያዎች ተራ በተራ ይታያሉ።

ልኬቱን ደግሞ ከቢሯችሁ ብቻ አትሥሩ። እናንተ ጋ ያለው ዋይፋይ የተማሪውን መስመር አይወክልም። የምወደው መንገድ ይህ ነው። በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ በጣም ትንሽ ሥዕል አስቀምጡ። ድረ ገጹ ከተከፈተ በኋላ የተማሪው ስልክ ሁለቱንም ያውርድ፣ የፈጀበትን ጊዜ ይመዝግብ፣ ለእናንተ ይላክ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከቢቸና፣ ከደምበጫ፣ ከዋሽንግተን እውነተኛ ቁጥር ይኖራችኋል። አማካዩን ብቻ አትዩ። አማካይ የተቸገረውን ልጅ ይደብቃል። ከመቶ አምስቱ በጣም የዘገየባቸው ምን ያህል እንደጠበቁ እዩ። ጠዋቱንና ማታውንም ለዩ፤ ተማሪ የሚያጠናው ማታ ነውና።

የመጨረሻው ነገር፣ ለኔ ከሁሉ የሚከብደው፣ መረጃው ነው። ሰውን ወደ ሁለት ሰርቨር መላክ ቀላል ነው። ተማሪዋ ዛሬ አዲስ አበባው ላይ የሠራችው መልስ ነገ ፍራንክፈርት ስትላክ ይጠብቃታል ወይ? ሁለት ቦታ የሚጻፍ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ማስማማት ትልልቅ ቡድኖችንም ያስቸግራል። እናንተ ሦስት አራት ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ ምክሬ፦ የሚጻፈው ሁሉ አንድ ቦታ ይጻፍ፣ አዲስ አበባ። የፍራንክፈርቱ ቅጂውን ይያዝ፣ ገጹንና ሥዕሎቹን ለውጭዎቹ ያቅርብ። ዋሽንግተን ያለው በጎ ፈቃደኛ ጥያቄ ሲጭን ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይበት ምንም አይደል። ተማሪዋ ላይ ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ መዘግየት የለበትም። ይህን ካደረጋችሁ ዲኤንኤሱ ቢሳሳትና አንዷን ልጅ ወደ ፍራንክፈርት ቢልካት እንኳ ትዘገይ ይሆናል እንጂ መልሷ አይጠፋም።

ከፍኖተ ሰላም

*ማር የምሸጥበት ድረ ገጽ አለኝ። ደንበኞቼ አዲስ አበባና አሜሪካ ናቸው። ልጄ ሁለት ሰርቨር ያስፈልግሃል ይለኛል። እውነት ነው?*

አይ፣ አያስፈልግዎትም። ገጽዎን ከፍቼ አየሁት። የማሩ ፎቶዎች እያንዳንዳቸው ከካሜራ እንደወጡ ነው የተጫኑት። መጀመሪያ እነሱን ያሳንሱ፤ የገጹ ክብደት አብዛኛው እሱ ነው። ቀጥሎ እንደ ክላውድፍሌር ያለ፣ የገጽዎን ቅጂ በየከተማው ይዞ የሚያቀርብ አገልግሎት ከፊት ያስቀምጡ፤ ነፃ አማራጭ አለው። የሚሠራው ኤኒካስት በሚባል መንገድ ነው። አንድ አይፒ ቁጥር ዓለም ላይ ካሉ ብዙ ከተሞች በአንድ ጊዜ ይታወጃል፣ ራውተሮቹ (ትራፊኩን መንገድ የሚመሩት መሣሪያዎች) ራሳቸው ደንበኛውን በመንገዳቸው ወደሚቀርበው ይወስዱታል። ዲኤንኤሱ ማን የት እንዳለ መገመት አይጠበቅበትም። የዓለም ሩት ሰርቨሮች ስማቸው 13 ብቻ ሆኖ ከአንድ ሺህ በላይ ቦታ የሚገኙት በዚሁ ዘዴ ነው። ለልጅዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ለርስዎ ሱቅ ግን ገና ነው።

ከባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ

*ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ ስልኬ ላይ ዲኤንኤሱን ወደ 1.1.1.1 ቀየረችልኝ። አንዳንድ ድረ ገጽ ፈጠነልኝ፤ የትምህርት ቪዲዮ የማይበት ግን የባሰ መሰለኝ። 8.8.8.8 ይሻለኛል?*

እህቴ፣ ያስተዋልሽው ነገር ያለ ነው። ሰፈር ጎረቤት ስለሆንን በዚሁ መስመር እኔም ሞክሬዋለሁ።

8.8.8.8 የጉግል ሪዞልቨር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ። 1.1.1.1 የክላውድፍሌር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ሁለቱም ፈጣን ናቸው። ልዩነቱ ለደብረ ማርቆሱ መምህር የነገርኩት ላይ ነው። ጉግል የአይፒሽን ሦስት ክፍል ለሚቀበሉ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ያስተላልፋል። ክላውድፍሌር አያስተላልፍም፤ የተጠቃሚውን ምሥጢር ለመጠበቅ ብሎ ነው። የቪዲዮው ድርጅት ሰዎችን የሚመራው በዲኤንኤስ ከሆነ በ1.1.1.1 በኩል ስትመጪ የሚያየው ጥያቄሽን የያዘውን ሪዞልቨር ነው። እሱ ሌላ አገር ከሆነ ቪዲዮው ከዚያ አገር ይመጣልሻል። ድርጅቱ ኤኒካስት የሚጠቀም ከሆነ ግን ሁለቱ ላንቺ ለውጥ የላቸውም። አንዳንዱ ድረ ገጽ ፈጥኖ ሌላው የዘገየብሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው አንድ መልስ የለኝም። ምሥጢርሽ ካሳሰበሽ 1.1.1.1 ይቆይ፤ ይህ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። ቪዲዮው ካሳሰበሽ ግን አንድ ማታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያንኑ ቪዲዮ በሦስቱም እይው፦ በ8.8.8.8፣ በ1.1.1.1፣ በሲም ካርድሽ ኩባንያ ዲኤንኤስ። ሦስተኛውን አትዝለይው። ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን ሪዞልቨሩ አገር ውስጥ ካለ ከሁሉ የተሻለ የሚመራሽ እሱ ሊሆን ይችላል። በየመሐሉ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርገሽ መልሺው፤ አለዚያ ስልኩ የድሮውን መልስ እንደያዘ ይቀጥላል። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ባሉ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ቦታ አለ፤ ጓደኛሽ የቀየረችው እዚያ ሊሆን ይችላል።

ቪፒኤን ከፍተሽ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ሙከራ ዋጋ የለውም። ቪፒኤኑ አምስተርዳም የሚወጣ ከሆነ ድርጅቱ አንቺን አምስተርዳም ያለሽ አድርጎ ነው የሚያስተናግድሽ። ትራፊክሽ የሚወጣው እዚያ ስለሆነ ልክ ነው። ቪዲዮውን ያዘገየው ዲኤንኤሱ ሳይሆን ዙሪያ ጥምጥም የሄድሽበት መንገድ ነው።

ከቡሬ

*ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዲኤንኤስ መቀየር ይረዳል?*

አይረዳም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም አይተነዋል። ያኔ ይህ ጥያቄ በብዛት ይደርሰኝ ነበር። ዲኤንኤስ የሚሠራው መንገዱ ካለ ነው። ከስልኩ የሚወጣ መስመር ከሌለ ሪዞልቨሩ ጋ የሚደርስ ጥያቄም የለም። በዚህ ጊዜ «ይህን ቁጥር አስገቡ፣ ይሠራል» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ፤ አትክፈሏቸው። የሚረዳው ቀድሞ መዘጋጀት ነው። ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ያለ ኢንተርኔትም እንዲነበብ አድርጉ። የደብረ ማርቆሱ መምህርም ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል፤ ለተማሪዎቹ ከሁለተኛው ሰርቨር ያላነሰ ይጠቅማቸዋል።

ከእንጅባራ

*የሆቴላችንን ድረ ገጽ ከውጭ አገር ሰርቨር ወደ አዲስ አበባ አዛወርን። ዲኤንኤሱን ቀይረናል። ሆኖም አንዳንድ ደንበኛ አሁንም የድሮውን ገጽ ነው የሚያየው። አንዱ በድሮው ገጽ ክፍል ይዞ መጣ፤ እኛ ጋ ግን አልተመዘገበም። ምን አጠፋን?*

የዲኤንኤስ መልስ የሚያገለግልበት ጊዜ ተጽፎበት ነው የሚሄደው፤ ቲቲኤል ይባላል፣ በሰከንድ ነው የሚቆጠረው። የእናንተ 86,400 ተብሎ ተቀምጦ ከሆነ ሪዞልቨሩ የድሮውን ቁጥር እስከ አንድ ቀን ሙሉ ይዞ የማከፋፈል መብት አለው። እናንተ መቀየራችሁን የሚነግረው የለም። አንዳንዱ ሪዞልቨርና ፕሮግራም ደግሞ ከተጻፈለት በላይ ይዞ ይቆያል።

አሁን ማድረግ ያለባችሁ የድሮውን ሰርቨር አለመዝጋት ነው። ክፍል የሚያስይዘውን ቅጽ ብቻ ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ አድርጉት። ከድሮው ገጽ የተመዘገበ ሌላ ደንበኛ ካለም ፈልጋችሁ ደውሉለት፤ ሰውየው አዳሩን አምኖ ነው የሚመጣው።

ወደፊት ስትቀይሩ ደግሞ ከቀኑ በፊት ጀምሩ። ቢያንስ ከአንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ቲቲኤሉን ወደ 300 አውርዱት። የድሮው ረጅም ጊዜ አልቆ ሁሉም አጭሩን ከያዘ በኋላ ቁጥሩን ቀይሩ። ሁሉም ነገር ከተረጋጋ መልሳችሁ ከፍ አድርጉት። ሁልጊዜ 60 ሰከንድ ላይ መተውም አይመከርም፤ ቲቲኤሉ ባጠረ ቁጥር ሪዞልቨሩ ደጋግሞ ወደ እናንተ ዲኤንኤስ ይመላለሳል፣ ያ ምልልስ ደግሞ የደንበኛው ጊዜ ነው። የደብረ ማርቆሱ መምህር ግን በሁለት ሰርቨር መካከል ሰው ስለሚያዛውር በ60 እና በ300 መካከል ይያዝ። አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ተማሪዎቹ ወደ ሌላው የሚዞሩት ያ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው።

የድሮው ሰርቨር ላይ ማን አሁንም እየገባ እንደሆነ ከመዝገቡ ማየት ትችላላችሁ። ለተከታታይ ቀናት ከሰው የመጣ ጥያቄ ካጣችሁበት ያኔ ዝጉት።